ወተቱን ይጠጣል፣ ምግቡን እምቢ ይላል፦ ለአንዲት እናት ማስታወሻ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 16 ወሩ ነው። እኔ ሥራ ስለምውል ቀን ቀን እናቴ ትጠብቀዋለች። ማታ ሲተኛ ያየሁትንና እናቴ የነገረችኝን ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ካለፈው ወር ማስታወሻዬ እነዚህን መርጫለሁ። ማንኪያና ኩባያ ሆን ብሎ ይጥላል፤ አንስቼ ስሰጠው መልሶ ይጥላል። ጠዋት ስወጣ እግሬን ይዞ ያለቅሳል፤ እናቴ «ሳያይሽ ውጪ» ትለኛለች። ምግብ ሁለት ሦስት ጉርሻ ከወሰደ በኋላ አፉን ይዘጋል፤ የላም ወተት ግን በቀን አራት አምስት ጡጦ ይጠጣል። ከአበባ መትከያው አፈር እየቆነጠረ ይበላል። «እማ»፣ «አባ»፣ «እንካ» እና «ዋ» (ውሃ ለማለት) ብቻ ይላል፤ እኩያው የጎረቤት ልጅ ግን ብዙ ታወራለች። እናቴ በአፋን ኦሮሞ ስለምታናግረው ግራ ተጋብቶ ይሆን? ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስልኬን ስቀበለው አልቅሶ አልቅሶ ትንፋሹ ጠፋ፤ ከንፈሩ ጠቁሮ ለትንሽ ጊዜ ዝልፍልፍ አለብኝ። ጎረቤቶች «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥለት» ይላሉ። ከዚህ ሁሉ ሊያሳስበኝ የሚገባው የትኛው ነው?

ምላሽ፦ እንጥሉን አያስቆርጡት። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው የቀረውን ለማንበብ ጊዜ ቢያጡ እንኳ ይህ እንዳያመልጥዎ ብዬ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ ሳምንት ልጁን ወደ ጤና ተቋም ወስደው የደም ምርመራ ያሠሩለት። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳዎት።

የሕፃናት ሐኪም እንደመሆኔ ብዙ እናቶች «ልጄ ምግብ እምቢ አለ» ብለው ይመጣሉ። በቀን ስንት ጡጦ ወተት እንደሚጠጣ ግን እኔ ካልጠየቅኩ በስተቀር አይነግሩኝም። ወተት መጠጣቱን እንደ መልካም ዜና ስለሚቆጥሩት ከችግሩ ጋር አያያይዙትም። እርስዎ ግን ሁሉንም ጽፈዋል፤ በዚህም ለልጅዎ ትልቅ ነገር አድርገውለታል። የጻፏቸው ነገሮች በተለያየ ቀን ስለተመዘገቡ ብቻ የተለያዩ ጉዳዮች መስለዋል። እስቲ አራቱን መስመሮች አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ያንብቧቸው። ወተት አብዝቶ ይጠጣል፤ ምግብ ጥቂት ይበላል፤ አፈር ይበላል፤ ሲያለቅስ ትንፋሹ ይጠፋል። እነዚህ አራቱ በአንድ የ16 ወር ልጅ ላይ ሲገጣጠሙ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የብረት ማዕድን እጥረትና እሱ የሚያስከትለው የደም ማነስ ነው።

በጊዜው የተወለደ ሕፃን በእናቱ ማህፀን ሳለ የሰነቀው ብረት ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ያህል ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ብረት የሚያገኘው ከሚበላው ምግብ ነው። የላም ወተት ለአጥንትና ለዕድገት የሚጠቅም ብዙ ነገር ቢኖረውም ብረቱ በጣም አነስተኛ ነው። በዚያ ላይ ካልሲየሙ ከሌላ ምግብ የተገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያውካል፤ ሆድም ይሞላል። አንዱ ጡጦ ሩብ ሊትር ያህል የሚይዝ ከሆነ ልጅዎ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ወተት ሊጠጣ ይችላል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ከግማሽ ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል። አንድ ሊትር ወተት የያዘች ትንሽ ሆድ ለሽሮና ለእንቁላል ቦታ የላትም። ልጁ ምግብ አልጠላም፤ ጠግቧል።

አፈር መብላቱን ብዙ ሰው በብልግና ወይም በጨዋታ ይተረጉመዋል። ሕፃናት ሁሉንም ነገር አፋቸው ውስጥ ይከታሉ፤ አንድ ጊዜ አፈር መቅመስ ምንም አያመለክትም። እየፈለገ፣ እየተመላለሰ፣ አፈር ወይም የግድግዳ ኖራ የሚበላ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ብረት የጎደለው ልጅ ነው። ቁጣ አያስቆመውም፤ ብረቱ ሲሟላ ብዙዎቹ በራሳቸው ይተዉታል። እስከዚያው የአበባ መትከያውን ከፍ ያለ ቦታ ያኑሩት፤ ከአፈር ጋር የወስፋት እንቁላልም ስለሚገባ ለሐኪሙ ይንገሩት።

ይህ በእርስዎ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። የሁሉም መንስኤ ብረት አይደለም፤ ወባ፣ ተደጋጋሚ ሕመምና የአንጀት ጥገኛ ትላትሎችም ድርሻ አላቸው። «እኛ ጤፍ እንበላለን፣ ጤፍ ደግሞ ብረት አለው» የሚለውን ክርክርም በየጊዜው እሰማለሁ። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ብዙው ክፍል በአውድማ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነት በሚገባ አይጠቀምበትም። እንጀራ ጥሩ ምግብ ነው፤ ለሕፃን ብቻውን ግን አይበቃም።

ምርመራው ቀላል ነው፤ ከጣት ወይም ከክንድ በሚወሰድ ጥቂት ደም የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) መጠን ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት ከ10.5 ግራም በዴሲሊትር በታች የሆነ መጠን የደም ማነስ ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎት። አዲስ አበባ ወይም ሌላ ደጋ ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ከፍታው ራሱ ሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርገዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ከተለካው ቁጥር ላይ ከአንድ ግራም በላይ ተቀንሶ ነው መነበብ ያለበት። ስለዚህ 11 የሚል ወረቀት ይዘው «ደህና ነው» ተብለው ቢመለሱ፣ ለከፍታው ተስተካክሎ እንደሆነ ይጠይቁ። የሚቻል ከሆነ የብረት ክምችቱን የሚያሳየው ፌሪቲን ቢለካ የበለጠ ግልጽ ይሆናል።

እጥረት ከተገኘ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ የብረት ሽሮፕ ያዝለታል። ሽሮፑን ከወተትና ከሻይ ጋር አይስጡት፤ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ቢሆን በተሻለ ይሠራል። ሰገራው ቢጠቁር አይደንግጡ፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ሄሞግሎቢኑ ሲስተካከልም ወዲያው አይቆምም፤ ባዶ የሆነው ጎተራ እንዲሞላ ለተጨማሪ ወራት ይቀጥላል። ይህን የሚያቋርጡ ወላጆች ብዙ ስለሆኑ ነው የማነሳው። በእርግዝና ጊዜ የወሰዱት የብረት እንክብል ቤት ውስጥ ተርፎ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ቆልፉበት። ያ እንክብል ለአዋቂ የተመጠነ ነው፤ ትንሽ ልጅ ጥቂት ፍሬዎች ቢውጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ወተቱን በአንድ ቀን አያቋርጡ። ከጡጦ ወደ ኩባያ ያዙሩት፤ በኩባያ ሲሰጥ መጠኑ በራሱ ይቀንሳል። ከምግብ በፊት ሳይሆን ከምግብ በኋላ ይስጡት፤ ሌሊት የሚሰጠውን ደግሞ ለጥርሱም ሲባል ያስቀሩት። የጡት ወተት ገና እየጠባ ከሆነ ይቀጥል፤ እኔ የምናገረው ስለ ላም ወተቱ ነው። ሻይ ለዚህ ልጅ ጨርሶ አይሰጥ፤ ብረትን ከሚከለክሉት ዋነኛው እሱ ነው። ምግቡን በተመለከተ ጉበት፣ በደንብ የተከተፈና የበሰለ ቀይ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ምስር አልጫ ከቲማቲም ወይም ከብርቱካን ጋር ይስጡት። ጉበቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት ቢሆን ይበቃል።

ቤታችሁ የሚጾም ከሆነ አንድ ጉዳይ በግልጽ መነጋገር አለብን። በጾም ወራት ቤት ውስጥ ሥጋና እንቁላል ስለማይበስል፣ ድስቱና ቢላዋውም እንዳይነካካ ስለሚፈለግ፣ ሕፃኑ ሳይታሰብ አብሮ ይጾማል። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ የጾም ቀን በሆነበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕፃናት የጾም ግዴታ የለባቸውም፤ የንስሐ አባትዎን ቢጠይቁም ይህንኑ ይነግሩዎታል። አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለልጁ ለብቻው ቢመደቡለት የእናንተ ጾም ሳይነካ የእሱ እንቁላል ይበስላል።

የምግብ ፍላጎቱ መቀነስ ግን ሁሉም ከወተቱ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መለኪያ መሠረት መካከለኛ ዕድገት ያለው ወንድ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ከ3.3 ኪሎ ተነስቶ 9.6 ኪሎ ይደርሳል፤ ከስድስት ኪሎ በላይ ይጨምራል ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ዕድገቱ ሲቀዘቅዝ ረሃቡም ይቀንሳል። በዚህ ዕድሜ የኋላ ጥርሶችም ይወጣሉ፤ ድዱ ሲያመው ለጥቂት ቀናት ጠንካራ ምግብ ይሸሻል። ስለዚህ የእርስዎ ሥራ ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ መወሰን ነው፤ ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ ይወስን። በግድ ማጉረስ፣ አፍንጫ ይዞ ማስዋጥ፣ በስልክ አታሎ ማብላት ሦስቱም ልጁ ረሃቡንና ጥጋቡን እንዳያዳምጥ ያደርጋሉ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ምግብ፣ በመካከል አንድ ሁለት ጊዜ መክሰስ ይበቃዋል። መክሰሱ ግን ቆሎ፣ ኦቾሎኒ ወይም ያልተፈጨ ሽምብራ አይሁን። የመንጋጋ ጥርሱ ስላልተሟላ ፍሬው ሳይታኘክ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል። እንግዳ ሲመጣ የቆሎው ሳህን ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል።

አሁን ወዳስደነገጠዎት ቀን ልምጣ። ልጅዎ በንዴት ወይም በሕመም አልቅሶ ትንፋሹን አውጥቶ ሳይመልስ ይቀራል፤ ይጠቁራል፤ ይዝለፈለፋል፤ ከዚያ ተንፍሶ ወደ ራሱ ይመለሳል። ይህ ትንፋሽ የመያዝ ክስተት ከ6 ወር ጀምሮ ይታያል፤ በሁለተኛው ዓመት ይበዛል፤ አብዛኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይተዋቸዋል። ልጁ ሆን ብሎ አያደርገውም፤ ሰውነቱ በራሱ የሚሠራው ነው። አንጎሉንም አይጎዳውም። ቡዳ በልቶት ነው፣ የሚጥል በሽታ ነው እየተባለ ብዙ ቤት ለቅሶ ይነሳል፤ ልጁም ጭስ ይታጠናል። የብረት እጥረት ግን ይህን ክስተት እንደሚያባብስ የታወቀ ነው፤ ብረት ሲሰጣቸው በብዙ ልጆች ላይ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ያንን መስመር ሳነብ ወተቱንና አፈሩን ወዲያው ያስታወስኩት ለዚህ ነው።

ሲደገም ወለሉ ላይ በጎኑ ያስተኙት፤ አጠገቡ ያለውን ስለታምና ትኩስ ነገር ያርቁ። ውሃ አይርጩበት፤ አይነቅንቁት፤ አፉ ውስጥ ጣትም ማንኪያም አይክተቱ። ሲነቃ እንደ ወትሮው ያቅፉትና ወደ ነበረበት ነገር ይመለስ። የመጀመሪያው ክስተት ግን በሐኪም መታየት አለበት፤ ልቡና የነርቭ ሁኔታው ይመረመር። ሳያለቅስ በድንገት ከወደቀ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ከነቃ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከፈዘዘ ሳይውል ሳያድር ይውሰዱት። ሌላው ጉዳት ከፍርሃት የሚመጣ ነው። ወላጆች እንደገና እንዳይጠቁርባቸው ሲሉ ልጁ ያለውን ሁሉ ይሰጡታል፤ በወሩ ቤቱን የሚያስተዳድረው የ16 ወር ልጅ ይሆናል። ስልኩን ከተቀበሉት ተቀብለዋል፤ አልቅሶ ይለፍለት።

ጎረቤቶችዎ ክፉ አስበው አይደለም እንጥል ይቆረጥ ያሉት። ልጅ ምግብ እምቢ ሲል፣ ሲያስለው፣ ሲያስመልሰው አያቶቻችን ያገኙት ማብራሪያ ይህ ነበር። እንጥል የሁላችንም ጉሮሮ ላይ የሚንጠለጠል ጤናማ አካል ነው፤ ጉንፋን ሲይዘን ሊያብጥ ይችላል፤ ከዚያ ይመለሳል። በምላጭ ወይም በክር ሲቆረጥ ግን ደም ይፈስሳል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ቲታነስና በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ይገባሉ። የደም ማነስ ባለበት ልጅ ላይ ትንሽ መድማት እንኳ ትልቅ ጉዳት ነው። «ግግ ነው» ብሎ ድዱን የሚፈለቅቅ ሰው ቢመጣም እንዲሁ ይከልክሉ፤ እሱ የሚያወጣው ገና ያልወጣውን የወተት ጥርስ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። እናትዎ ከጎረቤት ጋር መጣላት ካልፈለጉ «ሐኪሙ ደሙን እያከመው ነው፣ ምንም እንዳይነካ ብሎናል» ይበሉ። ሰው ይቀበለዋል።

ስለ ንግግሩ የምነግርዎት ከዚህ ይልቅ ደስ የሚል ነው። «ዋ» ቃል ነው። ሁልጊዜ ለውሃ ብቻ የሚጠቀምበት ከሆነ እንደ ሙሉ ቃል ይቆጠራል። በ16 ወር አራት ቃል መናገር በጤናማው ክልል ውስጥ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ብዙ ማውራቷ ደግሞ ስለ እሷ እንጂ ስለ እሱ አይናገርም። አፋን ኦሮሞውን በፍጹም እንዳያስቆሙ። ሕፃናት ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን መልመድ ይችላሉ፤ መዘግየት ሲኖርም መንስኤው ሁለተኛው ቋንቋ አይደለም። ቃላቱን ሲቆጥሩ የሁለቱንም ቋንቋ ደምረው ይቁጠሩ። አያቱ «ኮቱ» ስትለው ይመጣል? «ቢሻን» ስትለው ወደ ውሃው ያያል? እነዚህን እናትዎን ይጠይቁና ማስታወሻው ላይ ያክሉ፤ የሚናገረው ከሚረዳው ሁልጊዜ ያንሳል።

ከቃላቱ ብዛት ይልቅ እኔ ማወቅ የምፈልገው ሌላ ነው። በጣቱ ይጠቁማል? የሚፈልገውን ለማግኘት ብቻ ሳይሆን፣ አውሮፕላን ወይም ድመት ሲያይ እርስዎም እንዲያዩለት ጠቁሞ ፊትዎን መለስ ብሎ ያያል? ስሙ ሲጠራ ይዞራል? «ኩኩሉ» ስትጫወቱ እርስዎን ይጠብቃል? አያቱ ቡና ስትቀዳ አይቶ በባዶ ስኒ ለመቅዳት ይሞክራል? እነዚህ ካሉ ቃሉ ይመጣል። ከሌሉ፣ ወይም በፊት ይላቸው የነበሩ ቃላት ወይም ይሠራቸው የነበሩ ነገሮች ከጠፉ፣ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» የሚለውን ሰምተው አይቀመጡ። በየትኛውም ዕድሜ የያዘውን ነገር የሚለቅ ልጅ ሳይዘገይ መታየት አለበት። መጀመሪያ የሚመረመረው የመስማት ችሎታው ነው፤ ተደጋጋሚ የጆሮ ሕመም ያለበት ልጅ ንግግሩ ይጎተታል። ከዚያ አልፎ ክትትል ካስፈለገ በአዲስ አበባ እንደ ጆይና ነህምያ ያሉ የኦቲዝም ማዕከላት አሉ። ይህን የምጽፈው ለእርስዎ ልጅ ፈርቼ አይደለም፤ «እንካ» እያለ የያዘውን የሚሰጥ ልጅ ከሰው ጋር ነገር መጋራት የጀመረ ልጅ ነው። ሌላ እናት ይህን አንብባ ዓመት እንዳትጠብቅ ብዬ ነው።

ማንኪያ መጣሉ ሥራው ነው። ሲወድቅ ምን ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ከዓይኑ ሲሰወር የት እንደሚሄድ፣ እርስዎም መልሰው እንደሚያነሱለት እየፈተሸ ነው። የሚጣሉና የሚሞሉ ነገሮች ያሉበት ቅርጫት ይስጡት። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ግን የበረንዳውን ብረት ክፍተት ይለኩ፤ ከሥሩ የሚረገጥ ወንበርም ሣጥንም አይኑር፤ ዕቃውን ተከትሎ የሚንጠላጠል ዕድሜ ላይ ነው።

ጠዋት ሳያይዎት መውጣት የእናትዎ ምክር ቢሆንም አይከተሉት። ሳያይ ከወጡ እናቱ በማንኛውም ሰዓት ልትጠፋ እንደምትችል ይማራል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ያያል፤ መጸዳጃ ቤት ስትገቡም ያለቅሳል። ስመው፣ «ሥራ ሄጄ ማታ እመጣለሁ» ብለው፣ ለአያቱ አስረክበው ይውጡ። አንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ዓይነት አወጣጥ፣ ሳይመላለሱ። ያለቅሳል። ከሄዱ በኋላ ምን ያህል እንደሚያለቅስ እናትዎ ይንገሩዎት፤ ብዙ ጊዜ ሊፍቱ ወይም ደረጃው ሳያልቅ ዝም ይላል። ይህ ልቅሶ እርስዎን ለይቶ የመውደዱ ምልክት ነው፤ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ከበረታ በኋላ እየላላ ይሄዳል።

ስልኩን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይላል። ውጭ አገር ካሉ ዘመዶች ጋር በቪዲዮ መነጋገር ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ ጨዋታ ነው፣ አይከልክሉት።

ወደ ጤና ተቋሙ ሲሄዱ ማስታወሻዎን ይያዙ፤ በተለይ የወተቱን መጠን ለሦስት ቀን ጽፈው ይሂዱ። የክትባት ካርዱንም አይርሱ፤ የኩፍኝ ሁለተኛው ክትባት በ15 ወር የሚሰጥ ስለሆነ አምልጦት እንደሆነ ያስታዩ፤ በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ ይጠይቁ፤ ክብደቱና ቁመቱም ተለክቶ ካርዱ ላይ ይመዝገብ። ብረት ከተጀመረለት ከአንድ ወር በኋላ ደሙ እንደገና ይለካ። በትክክል ከወሰደ ሄሞግሎቢኑ በአንድ ግራም ያህል መጨመር አለበት። ካልጨመረ ሐኪሙ ሌላ መንስኤ መፈለግ ይጀምራል፤ እርስዎም መጠኑ አልሠራም ብለው በራስዎ አይጨምሩ።